ፎርማጆ ሳይቀርብ ስለ ሰላም አይወራም

ጦርነቱን ሦስቱም አሸንፈዋል፤ ችግሩ እያንዳንዳቸው ያሸነፉት የየራሳቸውን ጦርነት መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ጄኔራል ፑይሞራ ያሸነፉት በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሁለቴ አጥራቸውን የጣሰውን ጎረቤት ነው። እንግሊዛዊው ሰር ኦስበርት ያሸነፉት ባሕር ላይ የሚጋፋቸውን ነጋዴ ነው። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ቲብስ ደግሞ፣ በራሳቸው አነጋገር፣ ጦርነት የሚባለውን ነገር ራሱን ድል አድርገዋል። እንግዲህ እነዚህን ሦስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ «ስለ አንድ ድልድይ ተስማሙ» ማለት ሦስት ባልቴቶች አንድ ድስት እንዲያማስሉ እንደማዘዝ ነው።

ድልድዩ ያለው ኤርልባክ በምትባል የጀርመን ከተማ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ስድስተኛ ወሩን ይዟል፤ ፓሪስ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውር የሚያርፈው ወይ ሚኒስትር ላይ ወይ የሚኒስትር ጸሐፊ ላይ ነው። ትልልቆቹ መሪዎች ትልልቁን ነገር ሲቃረጡ ፍርፋሪው ወደ ንኡስ ኮሚሽኖች ይወርዳል። የኤርልባክ ድልድይም ወርዶ ወርዶ ሴን ወንዝ አጠገብ ባለ አንድ አሮጌ የመኳንንት ቤት አረፈ። ሦስቱ ሹማምንት እዚያ ቤት ጠዋት ካርታ ዘርግተው ይነታረካሉ፣ ቀትር ላይ ምሳ ይበላሉ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ አለመስማማታቸውን በቃለ ጉባኤ አጽፈው ይለያያሉ። እንዲህ ሲሉ ዘጠኝ ሳምንት አለፈ።

ምሳውን የሚያቀርበው ኦክታቭ ሎሬል ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት በአሳላፊነት የኖረ፣ ትሪ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ሾርባ የማያፈስ ሰው ነው። ምሳውን የምትሠራው ከምድር ቤት ያለችው ሚስቱ ሌዮንቲን ናት። ባልና ሚስቱ ከነበሩበት ጥሩ ሆቴል ወጥተው፣ ደጅ ጠንተው፣ ሰው ለምነው እዚህ ቤት የተቀጠሩት ለሹማምንቱ ፍቅር ብለው አይደለም። አንድ ልጃቸው ባስትየን በሃያ ዓመቱ ተወስዶ አሁን ሃያ አምስት ሊሞላው ነው። አምስት ዓመት በጭቃ ኖረ፤ ሁለቴ ቆስሎ ሁለቴ ተጠግኖ ተመለሰ። ጦርነቱ አልቆ ሰው ሁሉ ልጁን ሲያቅፍ የባስትየን ሻለቃ ጦር የት ተላከ ቢባል፣ ኤርልባክ ድልድይ ላይ ዘብ። ትእዛዙም ግልጽ ነው፤ የድልድዩ ጉዳይ ሳይቆረጥ ሻለቃው አይሰናበትም።

ስለዚህ ኦክታቭ ያንን ድልድይ አንድ ቀን ሳያየው ከሦስቱ ሹማምንት ይበልጥ ያስብለት ነበር። እሱን ማን ያዘው፣ ማን ተሻገረበት፣ ግድ አልነበረውም። ቢፈልጉ ለሦስት ይሰንጥቁት፣ ብቻ ይጨርሱ።

«ድልድዩ የፈረንሳይ ነው» ይላሉ ጄኔራሉ። «እኔ አንድ እግሬን ስለርሱ ሰጥቻለሁ።» እውነትም ግራ እግራቸው እንጨት ነው። «ድልድዩን የያዘ በሩን ያዘ። በሬን ሳልዘጋ አልተኛም!»

«ወዳጄ፣ በሩን ከዘጉት የድንጋይ ከሰል በየት ይለፍ?» ይላሉ ሰር ኦስበርት። «ጀርመን ካልነገደ ካሳ አይከፍልም፤ ከኛም ጨርቅ አይገዛም። ወታደሩ ይውጣ፣ ጀልባው ይግባ። የእኛ መንግሥት ለዘብ የሚሆን አንድ ሰው እንኳ አይሰጥም፤ የእናንተ ሰው ሲበዛም ደስ አይለውም።»

«የከተማው ሕዝብስ?» ይላሉ ፕሮፌሰር ቲብስ፣ ከኦሃዮ ያመጡትን ወፍራም መጽሐፍ እየደበደቡ። «ሕዝቡ ሳይወድ የቆመ ዘብ ሌባ ነው። ሕዝቡን ጠይቁት!»

«ሲተኩስብኝ መቼ ጠየቀኝ?» ይላሉ ጄኔራሉ።

ይህን ንግግር ኦክታቭ በቃሉ ሊደግመው ይችላል። ኮሚሽኑ ስንት ወንበር ቢያቀያይር፣ ስንት ካርታ ቢያስመጣ ለውጥ አልመጣም፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ታዲያ በዘጠነኛው ሳምንት፣ የዳክዬ ጥብስ ሳህን እያነሳ ሳለ፣ አንድ ነገር ገባው። እነዚህ ሰዎች የማይስማሙት ሐሳባቸው ስለማይገጥም ብቻ አይደለም። ጠዋት ይጯጯኻሉ እንጂ አንድ ቀን ረጋ ብለው ተነጋግረው አያውቁም!

አሜሪካዊው ምሳ ማለት ሥራ መስሎ ይታያቸዋል፤ ገና ሾርባው ሲቀርብ ወረቀት አውጥተው ይጀምራሉ። ጄኔራሉ ግን ያደጉበት ቤት ሕግ አለው፤ ጨዋ ሰው ፎርማጆ፣ ያ የፈረንጅ አይብ፣ ሳይቀርብ ስለ ቁም ነገር አፉን አይከፍትም። ከዚያ በፊት ስለ አየሩ፣ ስለ ፈረስ፣ ስለ ወይን ጠጁ ነው የሚወራው። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ በሾርባ ሰዓት ለግድግዳ ሲያስተምሩ ይቆዩና ኩርፊያ ይይዛቸዋል። ፎርማጆው መጥቶ ጄኔራሉ «እህ፣ እንግዲህ…» ሲሉ ፕሮፌሰሩ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ሰር ኦስበርት ደግሞ በአገራቸው ፎርማጆ የሚበላው ከጣፋጩ በኋላ ስለሆነ፣ ከጣፋጩ በፊት ሲያቀርቡላቸው እንደ ተሰደቡ ቆጥረው ዝም ይላሉ። የእሳቸው አፍ የሚከፈተው መጨረሻ ላይ፣ ጣፋጩ ቀይ ወይን በትንሿ ብርጭቆ ሲቀዳ ነው። ያኔ ፕሮፌሰሩ ለመሄድ ቆመዋል፣ ጄኔራሉ አንቀላፍተዋል።

ኦክታቭ ሳህኖቹን ተሸክሞ እየሮጠ ወረደ።

«ሌዮ! አገኘሁት!»

«ምኑን? የጠፋውን የብር ማንኪያ?»

«ምን ማንኪያ ትላለች! ልጃችንን ነው ያገኘሁት።» ነገሩን ሁሉ ዘረገፈላት። «ሾርባው፣ ፎርማጆውና ጣፋጩ ወይን ባንድ ጊዜ ከቀረቡ ሦስቱም ባንድ ጊዜ አፋቸውን ይከፍታሉ። ገባሽ?»

ሌዮንቲን ጭልፋውን አስቀመጠች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ቁጣዋ ግን ጣራ ይነካል።

«ፎርማጆ ከሾርባ ጋር? እኔ? እናቴ ከመቃብሯ ወጥታ በዚህ ጭልፋ ትለኝ! ነገ ሠፈሩ ሁሉ ‹ሌዮንቲን አበደች› ቢል ምን ልመልስ ነው?»

«‹ልጄ መጣ› ብለሽ ነዋ።»

ሽንኩርት አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«የሽንኩርት ሾርባ» አለች። «አንተ ደንቆሮ፣ የሽንኩርት ሾርባ! ከላይ ዳቦ፣ ከዳቦው ላይ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ ፎርማጆ። ጣፋጩን ወይን ደግሞ እኔው እጨምርበታለሁ፤ አያቴም ትጨምር ነበር። ማንም አይታማበትም።»

«ጥብሱስ? ዓሣውስ? ሌላ ምግብ ካለ ጄኔራሉ እሱን ይጠብቃሉ።»

«ሌላ የለም። የገበያ ተሸካሚዎች ሥራ አቁመዋል በላቸው። በዚህ ወር ሥራ ያላቆመ ሰው አለ እንዴ? እኔና አንተ ብቻ ቀረን።»

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ኦክታቭ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ፣ እፊታቸው ቆሞ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋሽቶ በማያውቅ አፉ ዋሸ።

«ክቡራን፣ በታላቅ ሐዘን ነው የምነግራችሁ። ተሸካሚዎች ሥራ አቁመዋል። የዛሬው ምሳ የሽንኩርት ሾርባ ብቻ ነው።»

ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ገባ። ፎርማጆው እየተንተከተከ፣ ጠርዙ እያረረ፣ ከሥሩ የወይኑ ሽታ እየተነሳ። ከጎኑ ትንንሾቹ ብርጭቆዎች ቀይ ወይን ሞልተው ተደረደሩ።

ፕሮፌሰር ቲብስ ሾርባ ስላዩ እንደ ልማዳቸው ወረቀት አወጡ። «የኤርልባክን ጉዳይ በተመለከተ…»

ጄኔራሉ «ገና ነው» ሊሉ ማንኪያቸውን አነሱ። ማንኪያው ግን ፎርማጆ ስቦ መጣ፤ ክሩ ከሳህን እስከ ጢማቸው ተዘረጋ። ማንኪያውን አዩት። ኦክታቭ ከኋላቸው ቆሞ አንገቱን አሰገገ። አንድ የጦር መሪ እንደዚያ ቀን በጥልቀት አስቦ አያውቅም።

«ፎርማጆ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ፎርማጆ ነው ጌታዬ» አለ ኦክታቭ። «ከኮምቴ አውራጃ የመጣ።»

«እንግዲያስ ቀርቧል።» ማንኪያውን አስቀመጡ። «ፕሮፌሰር፣ ዘጠኝ ሳምንት የሚያወሩትን ሳልሰማዎት ኖርኩ። እስቲ አሁን ይናገሩ።»

ሰር ኦስበርት ትንሿን ብርጭቆ ጨልጠው፣ «እኔም የምለው አለኝ» አሉ። ኦክታቭ ብርጭቆውን ፈጥኖ መልሶ ሞላው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው እንኳ ሊይዘው አልቻለም። ጄኔራሉ ረጅሙን ዳቦ ድልድይ አድርገው በሁለት ብርጭቆ ላይ አጋደሙት። ሰር ኦስበርት የጨው ዕቃውን ጀልባ አድርገው በሥሩ አሳለፉ። ፕሮፌሰሩ የሽንኩርት ቁራጭ ከሾርባቸው እያወጡ «ይህ ሕዝቡ ነው» እያሉ ዳር ዳር አሰለፉት። ተሳደቡ፣ ጠረጴዛ ደበደቡ፣ ሁለተኛ ሳህን ሾርባ ጠየቁ። እየቆየ ግን ነገሩ ይላላ ጀመር። ጀልባው ይለፍ፤ ጄኔራሉ እሺ አሉ፣ ጨው ዕቃው ካልቆመ ምን ገዷቸው። ድልድዩ ባለቤቱ ከተማው ይሁን፤ ሰር ኦስበርትም ጄኔራሉም እሺ አሉ፣ በወረቀት ላይ ማን ይጎዳል። ኦክታቭ በልቡ የባስትየንን አልጋ እያነጠፈ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ዘቡስ?

«የፈረንሳይ ወታደር ይቆማል» አሉ ጄኔራሉ። «ከዚህ ፈቀቅ የለም።»

«ማንኛው የፈረንሳይ ወታደር?» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ድል ያሰከረው ወታደር ከተማ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አንብቤአለሁ። ዶሮ ይሰርቃል፣ ሴት ይተናኮላል። እንዲህ ያለውን በሕዝብ ላይ አልፈርምም!»

«የእኔ ወታደር ዶሮ ሰረቀ?»

«አልሰረቀም ያለው ማን ነው? እርስዎ ነዎት» አሉ ሰር ኦስበርት ቀዝቀዝ ብለው። «ባለቤቱን ምስክር አድርጎ ማን ተረታ?»

ጄኔራሉ የእንጨት እግራቸውን ጎትተው ብድግ አሉ። ፕሮፌሰሩ ወረቀታቸውን ወደ ቦርሳቸው ከተቱ። ዘጠኝ ሳምንትና ሁለት ድስት የሽንኩርት ሾርባ በኦክታቭ ዓይን ፊት ሊፈስ ሆነ። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቡ ተነካ። የማንን ልጅ ነው የዶሮ ሌባ የሚሉት?

«ጌቶቼ» አለ።

ሦስቱም ዞሩ። በዚያ ቤት ውስጥ አሳላፊ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮ አያውቅም።

«ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ልጄ እዚያ ድልድይ ላይ ነው። እሱና ጓደኞቹ ዶሮ አልሰረቁም። ዕንቁላል እንኳ ሲወስዱ ሒሳቡን ከፍለው ነው። ደብዳቤው ይኸውና።» ከደረት ኪሱ አወጣው፤ ብዙ ከመታጠፉ የተነሳ መሐሉ ሊቀደድ ደርሷል። «‹አባዬ፣ በዚህ ሳምንት የትምህርት ቤቱን ጣራ ጠግነን ጨረስን፤ መድፋችን ነበር ያፈረሰው፣ ስለዚህ አፈርን። አስተማሪዋ አንዲት ባልቴት ናት፣ ባሏም ልጆቿም ሞተውባታል፣ ውሃ እየቀዳሁላት ነው። መጀመሪያ በር ትዘጋብን ነበር፤ አሁን ካልሲዬን ሰፍታ ሰጠችኝ። የከተማው ከንቲባ ትናንት፣ ዘብ መቆሙ ካልቀረ እናንተው ቁሙልን አለን።›»

ሲጨርስ ኦክታቭ ኩራት ከአንገቱ በላይ ሞላው፤ የልጁ እናት ብትሰማ ብሎ ተመኘ።

ፕሮፌሰር ቲብስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ከንቲባው ራሱ ‹ቁሙልን› አለ?»

«ብሏል ጌታዬ።»

«ይህ እኮ የሕዝብ ፈቃድ ነው! ሕዝቡን ጠይቁ አላልኩም? ተጠየቀ፣ መለሰ! እንግዲህ እነዚህ ወታደሮች ከሆኑ እፈርማለሁ። ሌሎች ግን አይደለም። እነዚህ ራሳቸው!»

«እነዚህ ራሳቸው ከሆኑ ቁጥሩም አይጨምርም» አሉ ሰር ኦስበርት ፊታቸው ፈክቶ። «አንድ ሻለቃ፣ ሳይጨመርበት። ከእኛም ሰው አይፈለግም። ግሩም ነው።»

«ፈረንሳውያንም ናቸው» አሉ ጄኔራሉ፣ ተመልሰው እየተቀመጡ። «በሬ ተዘጋ።»

ኦክታቭ እጁ ላይ ያለው ደብዳቤ ከበደው። «ጌቶቼ፣ አልገባኝም መሰለኝ… ጉዳዩ ከተቆረጠ ልጆቹ ይመለሳሉ ነው የተባለው።»

አልሰሙትም። ለጸሐፊው እየተቀባበሉ ያጽፉ ነበር፤ «አሁን በኤርልባክ ድልድይ ላይ ያለው ሻለቃ» አሉ አንዱ፤ «አንድም ሰው ሳይቀየር» አሉ ሁለተኛው፤ «ለሦስት ዓመት» አሉ ሦስተኛው። እንደዚያ ቀን ተስማምተው አያውቁም። አንዱ የጀመረውን አንዱ ይጨርስለት ነበር።

«ክቡር ጄኔራል» አለ ኦክታቭ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጄ አምስት ዓመት ሆኖታል። ስለ እግዚአብሔር፣ የሌላ ሻለቃ ስም ይጻፉ።»

ጄኔራሉ ቀና ብለው አዩት። መጥፎ ሰው አልነበሩም፤ ለአፍታ ያህል ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ። ከዚያ ፕሮፌሰሩን አዩ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ነው።

«ወዳጄ» አሉ፣ «ሌላ ስም ከጻፍኩ እኚህ ሰውዬ ይነሳሉ። እሳቸው ከተነሱ ስንት ሳምንት እንደምንቀመጥ አንተ ታውቃለህ፤ ያኔም ልጅህ እዚያው ነው። ጥሩ ልጅ አሳድገሃል። አገር ታመሰግንሃለች።» እጁን ጨበጡት። ፕሮፌሰሩም ጨበጡት። ሰር ኦስበርት እጅ አልጨበጡም፣ ግን ብርጭቆአቸውን አነሱለት። ከዚያ ሦስቱም ፈረሙ።

ከምድር ቤት ሌዮንቲን ጫጫታውን ሰምታለች። ኦክታቭ ሲወርድ ሽርጧን ፈትታ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ የሥራ ወንበሯ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጣ አገኛት።

«ተስማሙ አይደል? ተስማሙ! ሳህኑ እኮ ነው የሚመሰክረው፤ ሁለት ሁለት ጊዜ አስሞልተዋል። መቼ ነው የሚመጣው? የእንጆሪ ወቅት ሳያልፍ ይደርሳል?»

ኦክታቭ ጓንቱን አወለቀ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ጠዋት ተለማምዷል። ግን ከእሷ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ኖሮ ፊቱን የት ይደብቀዋል? አንድ ሳያስቀር ነገራት፤ ደብዳቤውን ማንበቡን፣ ሦስት ዓመት መባሉን፣ አንድም ሰው እንዳይቀየር መጻፉን፣ እጁን መጨበጣቸውን።

ሌዮንቲን አልጮኸችም።

«ጥሩ ነው ስላልክ አስቀሩት» አለች ቀስ ብላ።

«ሌባ ናቸው ሲሉ ዝም ልበል?»

«አዎ፣ ዝም በል! ሌባ ቢሉትስ? ሌባ ሆኖ እዚህ ይቀመጥልኝ!» ተነሳች፣ ዞረች፣ ድስት አነሳች፣ የምታደርግበት ቦታ አጣች። ከዚያ የሂሳብ መጻፊያውን እርሳስና አንድ ወረቀት ከመደርደሪያው ስባ ፊቱ ጣለችለት። «ተቀመጥ። ጻፍለት።»

«ምን ብዬ?»

«‹ውድ ልጄ› በል። ‹ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሂድና ዶሮ ስረቅ።›»

«ሌዮ…»

«ጻፍ እያልኩህ ነው! ‹አንድ ዶሮ አይበቃም፣ ጓደኞችህም ይስረቁ። የትምህርት ቤቱን መስኮት ስበሩ። ከንቲባውን ስደቡት፤ ጢሙን ያዙት። ሰክራችሁ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዝፈኑ። ያችን ባልቴት…›» እዚህ ላይ ቆመች። «ባልቴቷን ተዋት። ውሃዋን ይቅዳላት። ሌላውን ግን ሁሉንም ያድርግ። ከሳምንት በኋላ ኤርልባክ ራሷ ‹ውሰዱልን› ብላ ትለምናለች።»

ኦክታቭ ጻፈ። መጀመሪያ እሷን ለማስታገስ ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን እርሳሱ ራሱ ሮጠ፣ እሱም ከራሱ ሁለት ሦስት ነገር ጨመረበት፤ የድልድዩን ፋኖስ፣ የቢራ በርሜሉን። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሳቁ፤ ከአምስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም። ከላይ ደወል ተደወለ፣ ሹማምንቱ ቡና ይፈልጋሉ። ማንም አልተነሳም።

«አንብብልኝ» አለች።

አነበበላት። ከ«ውድ ልጄ» ጀምሮ እስከ በርሜሉ ድረስ ሰማችው። ሳቋ መሃል ላይ ጠፋ። ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ፣ ማንበብ ባትችልም፣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አይሰርቅም» አለች። «እኔው ነኝ ያሳደግኩት።»

እንባዋ ሳታስበው ወረደ። ኦክታቭ ወንበሩን አስጠግቶ አጠገቧ ተቀመጠና ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ ደወሉም ሲደወል ቆየ።